ነፋስ የሠራት ደሴት፦ የቅድስት እሌኒ ምድርና ታሪክ

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ ስለ ምድሯና ስለ ታሪኳ የምነግራችሁ ደሴት ስሟ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ደመራ ለኩሰን የምናስባት፣ የዕጣን ጢስ እየመራት የጌታን መስቀል ከተቀበረበት ያስወጣችው ንግሥት እሌኒ ናት ስሟን የሰጠቻት። እንግሊዞች «ሴንት ሄሌና» ይሏታል፤ እኔ በዚህ ንግግር በራሳችን አጠራር ቅድስት እሌኒ እላታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ስለዚህች ደሴት ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ናፖሊዮን ቦናፓርት ተግዞ የሞተባት መሆኗን። ናፖሊዮን ግን እዚያ የኖረው ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ከእርሱ በፊትም ሆነ ከእርሱ በኋላ ማን ወደ ደሴቲቱ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያልፋት፣ ምን እንደሚበቅልባት ሲወስን የኖረው ነፋስ ነው። ስለዚህ ታሪኳን ከእስረኛው ሳይሆን ከነፋሱና ነፋሱ ከሚመታው ዐለት ብንጀምር የበለጠ እንረዳታለን ብዬ አምናለሁ።

ቅድስት እሌኒ በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 16 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከአፍሪካ ጠረፍ 1,950 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ለእርሷ ቅርብ የሚባለው መሬት አሰንሽን የተባለች ሌላ ደሴት ስትሆን፣ እርሷም ብትሆን 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስፋቷ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ጣና ሐይቅ ውስጥ ከሃያ ጊዜ በላይ ትገባለች። ነገር ግን ከውኃ በላይ የምትታየው ደሴት የአንድ ግዙፍ ተራራ ጫፍ ናት። ተራራው መሠረቱን የጣለው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው የውቅያኖስ ወለል ላይ ነው፤ ያን ሁሉ ውኃ አልፎ ከወጣ በኋላም ዳያና በሚባለው ጫፉ ከ800 ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

ተራራውን ያቆመው እሳተ ገሞራ ነው። ከ14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ኋላም በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ቅልጥ ዐለት በተደጋጋሚ እየፈሰሰና እየተነባበረ ደሴቲቱን ገነባት። እሳቱ ከጠፋ 7 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የሠራው ዝናቡ፣ ማዕበሉና ነፋሱ ነው። ዙሪያዋን ማዕበል እየቆረጠ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ገደል አደረገው፤ ውስጧን ጎርፍ እየሸረሸረ ጠባብና ጥልቅ ሸለቆዎች ከፈተባት። ዋና ከተማዋ ጄምስታውን የተሠራችው ከእነዚህ ሸለቆዎች በአንዱ ውስጥ ሲሆን፣ ቤቶቿ በሁለት ገደሎች መካከል በአንድ ረጅም መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ከከተማዋ ወደ ላይኛው አምባ የሚያወጣ 699 ደረጃዎች ያሉት ቀጥ ያለ መወጣጫ አለ፤ የደሴቲቱ ሰዎች «የያዕቆብ መሰላል» ብለው ሰይመውታል። በደቡብ በኩል ደግሞ ለስላሳው ዐለት ተሸርሽሮ ሲያልቅ ብቻቸውን ቆመው የቀሩ የድንጋይ ዐምዶች አሉ። አንዱ «ሎጥ»፣ ሌላው «የሎጥ ሚስት» ይባላል። የዐድዋን ተራሮች ያየ ሰው የእነዚህን ዐምዶች አፈጣጠር ለመረዳት አይቸገርም፤ እነዚያም በገሞራ አፍ ውስጥ የጠነከረ ቅልጥ ዐለት፣ ዙሪያው ተጠርጎ ሲሄድ ጸንቶ የቀረ ነው።

ይህች ደሴት በሐሩር ቀጠና ውስጥ ብትሆንም እንደ ሐሩር አገር አታቃጥልም። ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው፣ የንግድ ነፋስ የሚባለው ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይመታታል፤ ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረትም ያበርዳታል። ነፋሱ ከባሕር የተሸከመውን እርጥበት ወደ ተራራው ሲያወጣው ጭጋግ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ታችኛው ዳርቻ ቁልቋል የሚበቅልበት ደረቅ ድንጋይ ሲሆን፣ ሽቅብ ወደ ተራራው ጫፍ የወጣ ሰው ግን ራሱን የጭጋግ ደን ውስጥ ያገኘዋል። እዚያ ያሉት ዛፎችና ዛፍ የሚያካክሉ ፈርኖች ጭጋጉን በቅጠላቸው ይዘው ጠብታ በጠብታ ወደ ሥራቸው ያወርዱታል፤ ደሴቲቱ ከምትጠጣው ውኃ ጥቂት የማይባለው የሚገኘውም በዚህ መንገድ ነው።

ነፋሱ ሰውንም ያመጣው በዚሁ አኳኋን ነው። በባለ ሸራ መርከቦች ዘመን ከአውሮፓ ወደ ሕንድ የሚሄድ መርከብ ነፋሱን ለመሸሽ ወደ ብራዚል አቅጣጫ ተጠግቶ ያልፍ ነበርና ደሴቲቱን አያገኛትም። ከሕንድ የሚመለሰው ግን የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ከዞረ በኋላ ያ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ከኋላው እየገፋ በቀጥታ ወደ እርሷ ይነዳዋል። በጆአዎ ዳ ኖቫ የሚመራው የፖርቱጋል የመርከብ ጓድ በ1502 ያገኛትም ከሕንድ ሲመለስ ነው። በወራት ጉዞ ውኃው የሸተተበት፣ ትኩስ ምግብ አጥቶ ድዱ የሚደማ መርከበኛ ንጹሕ ምንጭና ጥላ ያለው ምድር ድንገት ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሰው የሚባል ፍጡር ያልኖረባት ምድር ነበረች። ፖርቱጋሎች ፍየል ለቀቁባት፣ ፍራፍሬ ተከሉባት፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም ምስጢሯን ከሌሎች አውሮፓውያን ደብቀው ያዙ።

የመጀመሪያው ነዋሪዋ ፈርናኦ ሎፔዝ የሚባል ሰው ነው። ይህ ፖርቱጋላዊ ወታደር በሕንድ ከወገኖቹ ከድቶ እስልምናን ተቀብሎ በመዋጋቱ፣ ሲያዝ ቀኝ እጁን፣ የግራ እጁን አውራ ጣት፣ አፍንጫውንና ጆሮዎቹን ተቆረጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲሳፈር መርከቡ ቅድስት እሌኒ ላይ ውኃ ለመቅዳት ቆመ። ሎፔዝ ያን ፊት ይዞ ቤተሰቡ ፊት መቆም አልቻለምና ደን ውስጥ ተደበቀ፤ መርከቡም ትቶት ሄደ። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ከዚያ በኋላ ከመጣ መርከብ ማዕበል ጠርጎ ወደ ባሕር የጣለውን አንድ አውራ ዶሮ ከውኃ አወጣ። ዶሮው ከእርሱ አልተለየም፤ ቀን ሲሄድ እየተከተለው፣ ማታ ከጎኑ እያደረ ኖረ። ሎፔዝ በዚያች በቀረችው እጁ አራት ጣቶች መሬት እየቆፈረ አትክልት ተከለ። ወደ አውሮፓ ሄዶ ከሮማው ሊቀ ጳጳስ ዘንድ ቀርቦ እንደነበር ይተረካል፤ ወዲያውም ወደ ደሴቱ ተመልሶ እዚያው በ1545 ገደማ ሞተ። በሰው ዘንድ ቦታ ያጣ ሰው ሰው የሌለበትን ምድር መኖሪያው ሲያደርግ እርሱ የመጀመሪያው ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን አብዛኞቹ ወድደው የመጡ አልነበሩም።

የተለቀቁት ፍየሎች በጥቂት ዘመን ውስጥ በሺዎች ተባዝተው ለሚሊዮን ዓመታት ግጦሽ የማያውቀውን ደን ቡቃያውን እየቀጠፉ ጨረሱት። የቀረውን ሰው ለማገዶ ቆረጠው። በዚህች ትንሽ ምድር ላይ ብቻ የሚበቅሉ ዛፎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ፣ የደሴቲቱ ወይራ የሚባለው፣ የመጨረሻው ተክል በ2003 ደረቀ፤ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። የደሴቲቱ ዞጲ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍቷል ተብሎ ከኖረ በኋላ፣ በ1980 ጆርጅ ቤንጃሚን የተባለው የደሴቲቱ ተወላጅ ኩዊንተን ክሮንክ ከተባለው የዕፀዋት ተመራማሪ ጋር ሲዞር ፍየል በማይደርስበት ገደል ላይ ሁለት ቁጥቋጦዎች አየ። ወንድሙ በገመድ ወርዶ ቅርንጫፍ አመጣ፤ አሁን በደሴቲቱ የሚበቅሉት የዞጲ ተክሎች ሁሉ ከእነዚያ ሁለቱ የተገኙ ናቸው።

የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1659 ደሴቲቱን ይዞ ምሽግና ሰፈር ሠራባት። ሥራው የተሠራው ከማዳጋስካር፣ ከአፍሪካ ጠረፍና ከእስያ በመጡ ባሮች ጉልበት ነው። የዛሬዎቹ የደሴቲቱ ሰዎች ከእነርሱ፣ ከእንግሊዝ ሰፋሪዎችና ወታደሮች፣ ከቻይና ከመጡ ሠራተኞችም ይወለዳሉ። በ1677 ኤድመንድ ሃሌይ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ የደቡቡን ሰማይ ከዋክብት ሊቆጥር መጥቶ፣ ነፋሱ የሚያመጣው ደመና እየከለለው ቢቸገርም 341 ከዋክብትን መዝግቦ ተመልሷል።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በ1733 ኩባንያው የቡና ዘር ከየመኑ የሞካ ወደብ አስመጥቶ በደሴቲቱ አስተከለ። ሞካ ቡናን ለዓለም የሸጠች ወደብ ናት እንጂ የቡና መገኛ አይደለችም፤ መገኛው የእኛው ደን ነው። ያ ቡና ዛሬም በቅድስት እሌኒ ይበቅላል፣ በጥቂቱና በውድ ዋጋ ይሸጣል። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ተነሥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ አፍሪካን ዞሮ በአትላንቲክ መካከል ባለ ገሞራ አፈር ላይ ሥር የሰደደ ተክል ነው።

ስለ ናፖሊዮን ብዙ ስለተባለ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በጥቅምት 1815 ደረሰ፣ ሎንግውድ በሚባለው ነፋስ በሚበዛበትና ጭጋጋማ በሆነው አምባ ላይ በሚገኝ ቤት ተቀመጠ፣ ግንቦት 5 ቀን 1821 ሞተ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ምን ስም ይጻፍ በሚለው ፈረንሳዮቹና የእንግሊዙ ገዥ ሊስማሙ ስላልቻሉ ድንጋዩ ምንም ሳይጻፍበት ቀረ። በ1840 አስከሬኑ በታላቅ ክብር ወደ ፓሪስ ተወሰደ።

በዚያው በ1840፣ የናፖሊዮን መቃብር በተከፈተበት ዓመት፣ ሌሎች መቃብሮች መቆፈር ጀመሩ። የንግግሬ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በሕግ ከከለከለች በኋላ ባሕር ኃይሏ ከአንጎላና ከኮንጎ ጠረፍ ሰዎችን ጭነው በተለይ ወደ ብራዚል የሚቀዝፉ መርከቦችን ያሳድድ ነበር። በደቡብ አትላንቲክ ለሚያዙት መርከቦች ቅድስት እሌኒ ቀድሞ ይወሰዱባት ከነበረችው ከሴራሊዮን ይልቅ ቅርብ ስለሆነች በ1840 የባሕር ፍርድ ቤት ተቋቋመባት። በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ25 ሺህ በላይ አፍሪካውያን ከእነዚህ መርከቦች ሆድ ወጥተው በደሴቲቱ አረፉ። ያሳረፏቸው ከጄምስታውን ቀጥሎ ባለው ሩፐርት በተባለው ሸለቆ ነው፤ ጥላ የሌለው፣ ውኃ የሌለው፣ ድንጋይ ብቻ የሆነ ሸለቆ ነው። በመርከቡ ታችኛ ክፍል ለሳምንታት ተደራርበው የመጡ፣ በተቅማጥ፣ በፈንጣጣና በረኀብ ያለቁ ሰዎች ነበሩ። ከ8 ሺህ የማያንሱት ከድንኳኑ ወደ መቃብር ሄዱ። የተረፉት አብዛኞቹ ወደ ጃማይካ፣ ወደ ትሪኒዳድ፣ ወደ እንግሊዝ ጉያናና ወደ ኬፕታውን በሠራተኛነት ተላኩ። በደሴቲቱ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው። «ነጻ የወጡ አፍሪካውያን» ተባሉ፤ ነገር ግን ወደ ቤታቸው የሚመልሳቸው አልነበረም።

በ2007 እና 2008 ለአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ የሚያገለግል መንገድ በዚያ ሸለቆ ሊያልፍ ስለነበር የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች አስቀድመው ቆፈሩ። የ325 ሰዎች አጽም አገኙ። አብዛኞቹ ያለ ሣጥን፣ ብዙ ሆነው በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩ ሲሆን፣ በዕድሜ ሕፃናት፣ ልጆችና ወጣቶች ይበዙባቸዋል። የአንዳንዶቹ የፊት ጥርስ በትውልድ አገራቸው ሥርዓት የተሞረደ ነበር። ጨሌ የተገኘባቸው ነበሩ፤ የመዳብ አምባር ያጠለቁ ነበሩ፤ ቁጥር ያለበት የብረት ምልክት የተገኘባቸውም ነበሩ። ባሪያ ፈንጋዩ ልብሳቸውን ሁሉ ገፍፎ ሲጭናቸው ያ ጨሌ እንዴት ተርፎ እንደመጣ ሳስብ፣ በጨለማው ውስጥ በጉንጩ ወይም በጭብጡ የደበቀውን ልጅ እጅ የማየው ይመስለኛል። ናፖሊዮን ስም የሌለው መቃብር ቢኖረውም የማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። የእነዚህ ልጆች ስም ግን ከተቀበሩባት ቀን ጀምሮ በየትኛውም መዝገብ የለም።

ከተያዙት መርከቦች አንዷ ተፈራርሳ እንጨቷ ለግንባታ ሲሸጥ በውስጡ ምስጥ ነበር። ምስጡ በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ የጄምስታውንን ጣሪያና ወለል፣ የቤቶቿን በርና መስኮት፣ የቤተ መጻሕፍቷን መጻሕፍት ሳይቀር በላ፤ ከተማዋም በአብዛኛው እንደገና ተሠራች። ሰው በጫነችው መርከብ እንጨት ቤት የሠራች ከተማ በዚያው እንጨት ፈረሰች።

በአገራችን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሹ በግሸን አምባ ይጠበቁ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ እሌኒ ያስገኘችው መስቀል ግማድ ያረፈበትም ያው አምባ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በእሌኒ ስም የተጠራችውን ደሴት የባሕር ላይ አምባው አደረጋት። የዙሉው ንጉሥ ዲኑዙሉ ከ1890 እስከ 1897 ተግዞባታል። ከ1900 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካው ጦርነት የተማረኩ 6 ሺህ ያህል ቦኤሮች፣ ማለትም የደች ዝርያ ያላቸው ነጭ ሰፋሪዎች፣ በድንኳን ታጉረውባታል። የዛንዚባሩን ዙፋን ይዞ የነበረው ኻሊድ ቢን ባርጋሽ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ሦስት የባሕሬን የፖለቲካ እስረኞች ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተልከውባታል። ለእስር ያመቻት ርቀቷና የሚጠብቃት ያው ነፋስ ነው፤ ለማምለጥ የሚሞክር ጀልባ በነፋሱ ላይ ቀዝፎ አፍሪካ መድረስ አይችልም።

የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈትና መርከቦች በእንፋሎት መሄድ ሲጀምሩ ነፋሱ የነበረውን ሥልጣን አጣ። በ1855 ደሴቲቱን የጎበኙ መርከቦች 1,100 ሲሆኑ በ1889 ወደ 288 ወረዱ። ሕዝቧ ሥራ አጣ። በ1907 ከኒውዚላንድ የመጣ፣ ቅጠሉ ቃጫ የሚሰጥ ተክል መፋቂያ ፋብሪካ ተቋቋመና አብዛኛው ተራራ በዚያ ተክል ተሸፈነ፤ ከጭጋግ ደኑ ከተረፈውም ብዙው ለዚህ ተመነጠረ። ቃጫው የእንግሊዝ ፖስታ ከረጢት ማሰሪያ ይሆን ነበር። ፖስታ ቤቱ በ1960ዎቹ ወደ ሰው ሠራሽ ገመድ ሲዞር ፋብሪካዎቹ በ1966 ተዘጉ። በሩቅ አገር የተወሰነ አንድ የግዢ ውሳኔ የአንድን ሕዝብ እንጀራ ሲዘጋ ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላውቅም። በ1981 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ ሕጉን ለውጦ ደሴተኞቹን በብሪታንያ የመኖር መብት አሳጣቸው፤ የተመለሰላቸው በ2002 ነው። ዛሬ በደሴቲቱ የሚኖሩት ከ4 ሺህ 500 አይበልጡም። ራሳቸውን «ሴይንትስ» ይላሉ፤ ቅዱሳን ማለት ነው።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ወደዚያ መድረሻው ከኬፕታውን አምስት ቀን የሚወስድ አንድ መርከብ ብቻ ነበር። ከ285 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበት፣ ሙሉ ገደል በድንጋይ ተሞልቶ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። በ2016 ሊከፈት ሲል ግን የሙከራ በረራ ያደረገው ትልቅ አውሮፕላን ለማረፍ ተቸገረ። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ከባሕር መጥቶ ከገደሉ ጋር ሲላተም ወደ ላይ ይወነጨፋል፤ ከሜዳው ላይ ጸጥ ያለው አየር በአንድ ርምጃ ርቀት ኃይለኛ ነፋስ ይሆናል። ይህን ከዚያ 180 ዓመት ቀድሞ ያየ ሰው ነበር። ቻርልስ ዳርዊን በሐምሌ 1836 በደሴቲቱ ሲዞር በአንድ ረጅም ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። እርሱ በቆመበት አየሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ጥቂት ሜትር ፊት ለፊቱ ግን የባሕር ወፎች ከብርቱ ነፋስ ጋር ይታገሉ ነበር። ወደ አፋፉ ተጠግቶ ክንዱን ወደ ውጭ ሲዘረጋ ነፋሱ በሙሉ ኃይሉ መታው። የነፋሱንና የጸጥታውን ድንበር በክንዱ ነክቶ መዝግቦ ሄደ። በመጨረሻ አነስ ያለ አውሮፕላን ተመርጦ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ከጆሃንስበርግ ደረሰ። አሮጌው መርከብም በተከታዩ ዓመት ሥራውን አቆመ።

በነሐሴ 2021 ከውቅያኖሱ ሥር የተዘረጋ የኢንተርኔት ገመድ ደሴቲቱን ከአውሮፓና ከአፍሪካ ጋር ሊያገናኝ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወጣ። የገመዱ ስም ኢኩያኖ ነው። ኦላውዳ ኢኩያኖ ከባርነት ራሱን ዋጅቶ የሕይወቱን ታሪክ በ1789 ያሳተመ፣ የባሪያ ንግድ እንዲቀር የታገለ አፍሪካዊ ነበር። ገመዱ የወጣው በሩፐርት ሸለቆ አፍ፣ እነዚያ መርከቦች ሰዎቻቸውን ባራገፉበት ዳርቻ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2022፣ ለዐሥራ አራት ዓመት በአንድ የጄምስታውን መጋዘን ተቀምጦ የቆየው የ325ቱ ሰዎች አጽም ወደዚያው ሸለቆ ተመልሶ በሥርዓት ተቀበረ። ቀሪዎቹ ሺዎች ዛሬም ባልተቆፈረው የሸለቆው አፈር ሥር ናቸው።